የገውዝ ፍሬና የቢቢ ሙቀጫ፦ ስድስት ቀን በዛንዚባር

ቀን 1፦ ከዳሬሰላም ወደ ስቶን ታውን

መድኃኒት ቤት የሠራ ሰው ይቺን ጥያቄ ያውቃታል። ሰውየው ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ጥግ ይዞ ይቆማል። መጀመሪያ የራስ ምታት ኪኒን ይገዛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከተፈጥሮ የሆነ፣ ከቅመማ ቅመም… ለዚያ ነገር የሚረዳ የለም?» ይላል። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም። ሴቶችም ይጠይቃሉ፤ የሚጠይቁት ግን ለባላቸው ነው። ለራሷ የጠየቀችኝ አንዲት ሴት ብቻ ትዝ ትለኛለች። «አንቺን ደግሞ ምን ያደርግልሻል?» አልኳት። ምንም ሳትመልስ የገዛችውን ይዛ ወጣች። ያ መልሴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ዛንዚባር እንድንሄድ ባለቤቴን የጎተጎትኩት በዚህ ምክንያት ነው። ለዘመናት የፍቅር ስሜት ይቀሰቅሳሉ ከተባሉት ቅመሞች አብዛኞቹ እዚያች ደሴት ላይ ጎን ለጎን ይበቅላሉ። ቅርንፉድ፣ ገውዝ፣ ቀረፋ፣ ሄል፣ ቫኒላ፣ ዝንጅብል። ከዱቄታቸው ጋር እንጂ ከዛፋቸው ጋር ተያይተን አናውቅም።

ጀልባው ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀ። ስለ ባሕሩ ብዙ የምለው የለኝም፤ ባለቤቴ ሆዱ ተገለባበጠ፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ደረስኩ። የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ስቶን ታውን ግን ከድካም ያነቃል። መንገዶቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድባቸው ይጠባሉ። በሮቹ የተቀረጹ ናቸው፤ ትልልቅ የናስ ጉብጉብ ተመትቶባቸዋል። በየጥጉ ቅርንፉድ ይሸታል። በስዋሂሊ ካራፉ ይሉታል። የእኛ ቅርንፉድም የእነሱ ካራፉም ከዐረብኛው ቀረንፉል የመጡ ናቸው። ስሙ ራሱ በመርከብ ዞሯል።

ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ወጣን። ከባሕሩ ዳር ሻጮች መብራት አብርተው ዓሣ ይጠብሳሉ፣ ሸንኮራ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር ይጨምቃሉ። ከአንድ ድስት ዙሪያ ወንዶች ብቻ ቆመዋል። የኦክቶፐስ ሾርባ ነው፣ ሱፑ ያ ፕዌዛ። ሻጩ ባለቤቴን «ካካ፣ ና!» ብሎ ጠራው፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። ሾርባው ለሌሊት ኃይል እንደሚሰጥ በእጁ ምልክት ጭምር አስረዳው። ባለቤቴ ጠጣ፤ ቁንዶ በርበሬው አላበው። ኦክቶፐስ ጥሩ ፕሮቲንና ዚንክ አለው፤ ጤናማ ምግብ ነው። አንድ ብርጭቆ ሾርባ በአንድ ሌሊት ሰውን ይለውጣል የሚል ማስረጃ ግን የለም። ለእኔ ማንም አላቀረበልኝም።

ቀን 2፦ ዳራጃኒ ገበያ

ዳራጃኒ በ1904 እ.ኤ.አ. የተሠራ አሮጌ ገበያ ነው። የዓሣውን በኩል ቶሎ አለፍነውና ቅመም ተራ ገባን። እዚህ ሰው የሚገዛው በአፍንጫው ነው። ሻጩ ቀረፋውን ሰበር ያደርግና ያስሸትትሃል፣ ሄሉን በጥፍሩ ይፈለቅቅልሃል።

ለወንድ ኃይል የሚባለው ዕቃ ለብቻው ተደርድሯል። ምኩያቲ የሚሉት ቡናማ ቅርፊት አለ፤ ከዝንጅብል ጋር ተፈልቶ ይጠጣል። ስም የሌላቸው ዱቄቶች በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የአንበሳ ሥዕል ያለበት ማር በትንንሽ ከረጢት። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አየሁ። ምን እንዳለበት፣ ስንት እንደሚወሰድ፣ ማን መውሰድ እንደሌለበት የሚል አንድም ጽሑፍ አላገኘሁም።

ይሄ የሚያሳስበኝ በሙያዬ ነው። በብዙ አገር «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» እየተባሉ የሚሸጡ የወሲብ ማነቃቂያዎች ሲመረመሩ ሲልዴናፊል ተገኝቶባቸዋል፤ ቪያግራ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ማለት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በዚህ ጉዳይ በተደጋጋሚ አስጠንቅቋል። ለደረት ሕመሙ ናይትሬት የሚወስድ የልብ ታማሚ ሳያውቅ ያንን ቢደርብበት የደም ግፊቱ በድንገት ይወርዳል። ሰው ይሞትበታል። ስለዚህ ስም የሌለው ዱቄት ለሚገዛ ሰው አልስቅበትም፤ እፈራለታለሁ።

ከአንድ ሱቅ ሳፍሮን በ10,000 ሽልንግ ገዛሁ። እሽጉ ወፈር ያለ ነው። ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። 1 ኪሎ ሳፍሮን ለማግኘት 150 ሺህ ገደማ አበባ ይለቀማል፤ ከአንዱ አበባ የሚወጣው ሦስት ክር ብቻ ነው። ማረፊያችን ስንደርስ ጥቂቱን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ጣልኩት። ውኃው ወዲያው ብርቱካንማ ሆነ። ክሩ ደግሞ ቀለሙ ለቆት ገረጣ። እውነተኛ ሳፍሮን ቀስ እያለ ወርቃማ ቢጫ ይለቃል፤ ክሩ ግን ቀይ እንደሆነ ይቆያል። ጫፉም እንደ መለከት ሰፋ ያለ ነው። የእኔው የደረቀ የሱፍ ተክል አበባ ነበር።

የተናደድኩት በገንዘቡ ብቻ አይደለም። ከእነዚህ ሁሉ ቅመሞች በሰው ላይ በወጉ ከተሞከሩት ጥቂቶች አንዱ ሳፍሮን ነው። ኢራን ውስጥ የተሠራ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት፣ በድባቴ መድኃኒት ምክንያት ስንፈተ ወሲብ የገጠማቸው ወንዶች በቀን 30 ሚሊ ግራም ለ4 ሳምንት ሲወስዱ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት የተሻለ ለውጥ እንዳዩ ያሳያል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ተሳታፊዎቹ አርባ እንኳ አይሞሉም። ተስፋ ያለው ነገር ግን ነው። ያንን የሚፈልግ ሰው የሱፍ ተክል አበባ ይዞ ይሄዳል።

ቀን 3፦ ኪዚምባኒ

ጠዋት በዳላዳላ የቅመም እርሻ ወዳለበት ወደ ኪዚምባኒ ሄድን። ዳላዳላ የእነሱ ታክሲ ነው፤ ሰው በሰው ላይ ይጭናል፣ ግን ያደርሳል። አስጎብኚያችን ወጣት ልጅ ነው። እየሄደ የዘንባባ ቅጠል ይጎነጉናል። ሳናውቀው ቅመም መያዣ ሾጣጣ ቅርጫት ሠርቶ አስያዘኝ።

መጀመሪያ ቀረፋ አሳየን። ቅርፊቱን በቢላዋ ላጠና አስሸተተን፤ የምናውቀው ነው። ከዚያ ሥሩን ቆፍሮ ትንሽ ቆረጠ። ሥሩ የሚሸተው ካምፎር ነው፣ ለጉንፋን ደረት ላይ የምንቀባው ቅባት! አንድ ዛፍ ነው፣ ሽታው ሁለት። ቀረፋን ከአልጋ ጋር ያገናኙት ዛሬ አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 7 ላይ ጎበዙን የምታባብለው ሴት አልጋዋ ላይ ከረጨቻቸው ሽቶዎች አንዱ ቀረፋ ነው።

ቫኒላ ሐረግ ናት፤ ዛፍ ተደግፋ ትወጣለች። የመጣችው ከሜክሲኮ ነው። አበባዋ የምትከፈተው ለአንድ ቀን፣ ያውም ለግማሽ ቀን ነው። እዚህ የሚያዳቅላት ንብ ስለሌለ ሰው በእጁ ያዳቅላታል። አስጎብኚው ስንጥር አንሥቶ አሳየን። ወንዴውንና ሴቴውን የምትለየውን ቀጭን ሽፋን በስንጥሩ ከፍ ያደርጋል፣ በአውራ ጣቱ ደግሞ ሁለቱን ያገናኛል። ከዚያ ፍሬው እስኪበስል ዘጠኝ ወር። ይህን ዘዴ በ1841 እ.ኤ.አ. ሬዩኒዮን ደሴት ላይ ያገኘው ኤድሞን አልቢዩስ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ ነው። ባሪያ ነበር። የዓለም የቫኒላ ንግድ በእሱ ጣቶች ላይ ተሠራ። እሱ ግን በድህነት ሞተ። አስጎብኚያችን ታሪኩን ሲነግረን ስንጥሩን ከእጁ አላስቀመጠም።

ከዚያ ገውዝ ጋ ደረስን። እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየሁ።

ፍሬው ከውጭ ሲያዩት ኮክ ነው፤ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ወገቡ ላይ ሥርጉድ ያለ መስመር ያለበት። ልጁ ቢላዋውን በመስመሩ አዞረና ለሁለት ከፈለው። ነጭ ሥጋ፣ መሐሉ ላይ ደም የመሰለ ቀይ መረብ። መረቡ እርጥብ ነው፣ ያብረቀርቃል። ጥቁር ቡናማ ፍሬ ላይ ጥብቅ ብሎ ተጠምጥሟል፣ ሰው በጣቱ አቅፎት የያዘው ይመስላል። መረቡ ራሱን የቻለ ቅመም ነው፣ ለብቻው ይደርቃል። ልጁ እሱን ላጠና ጠንካራውን ቅርፊት ጆሮዬ ላይ ነቀነቀው። አዲስ ስለሆነ ድምፅ የለውም። ከኪሱ የደረቀ አወጣና ነቀነቀ፤ ኳ ኳ አለ። «ሲደርስ ያንኳኳል» አለኝ። በድንጋይ ሰበረው። ገውዙ ወጣ። በቢላዋ ጫፍ ፋቅ አድርጎ መዳፌ ላይ አደረገልኝ። ሽታው ሞቅ ያለ ነው፤ ከእንጨት፣ ከቁንዶ በርበሬና ከሆነ ጣፋጭ ነገር መካከል።

«ዳዳ» አለኝ ልጁ፣ እህቴ ማለቱ ነው፤ «ኩንጉማንጋ የወንድ አይደለም። የሴቶች ነው።»

ኩንጉማንጋ የሚሉት ገውዝን ነው። ደግሜ ጠየቅኩት። እዚህ ደሴት ላይ ሴቶች ገውዝ ፍቀው አጥሚት ላይ እንደሚነሰንሱ፣ ሠርግ ላይ ሲሆን ዓይን አፋርነትን ያስለቅቃል፣ ያስጨፍራል፣ ፍላጎትም ያመጣል ብለው እንደሚያምኑ ነገረኝ። «አያቴ ከእኔ በላይ ታውቃለች» ሲል ጨመረ። «ነገ እንሂድ?»

ስንመለስ ኪዲቺ የሚገኘውን የፋርስ መታጠቢያ ቤት አየን። ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ በ1850 እ.ኤ.አ. ገደማ ለፋርሳዊት ሚስታቸው ያሠሩት ነው። ግድግዳው ላይ አበባና ወፍ ተቀርጿል። ቆንጆ ነው፤ የእኔ ልብ ግን ነገ ላይ ነበር።

ቀን 4፦ ቢቢ

ቢቢ ማለት አያት ማለት ነው። ስማቸውን አልጽፍም። ሰባ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው ንቁ የሆነ ሴት ናቸው። ልጁ ባስተማረኝ መሠረት ጎንበስ ብዬ «ሺካሞ» አልኳቸው። «ማራሃባ» ብለው መለሱልኝ። ባለቤቴና አስጎብኚያችን በረንዳ ላይ ቡና ይዘው ቀሩ፤ ወሬው የሴት ስለሆነ ወንድ አይገባም። ያስተረጎመችልኝ የልጁ እህት ናት።

ቢቢ ከእንጨት ሙቀጫቸው አጠገብ ተቀመጡ። በሕይወታቸው ብዙ ሙሽሮች አዘጋጅተዋል። እንዲህ ያለችውን ሴት ሶሞ ወይም ኩንግዊ ይሏታል። ልጅቷን ከሠርጉ በፊት ይዛ ስለ ገላዋ፣ ስለ አልጋ፣ ስለ ትዳር የምታስተምር ናት። በደሴቲቱ ኡንያጎ የሚባል የሴቶች ሥርዓትም አለ፣ ከበሮና ጭፈራ ያለበት። በ2013 እ.ኤ.አ. ያረፉት ዝነኛዋ ዘፋኝ ቢ ኪዱዴ በዚህ ትምህርትና በከበሮው ነበር አገር ያወቃቸው።

ቢቢ የሠሩልኝ ሲንጎ ነው፣ ሙሽራ የምትታሽበት። የደረቀ ቅርንፉድ ሙቀጫ ውስጥ ጨመሩና መውቀጥ ጀመሩ። ቶሎ ቶሎ አይወቅጡም። ዘነዘናውን ከፍ አድርገው በራሱ ክብደት ይለቁታል። ቅርንፉዱ ደቀቅ ሲል ያስነጥሳል፤ እኔ አስነጠስኩ፣ እሳቸው ለምደውታል። ከዚያ ጃዝሚን ጨመሩ። ከዚያ ላንጊላንጊ የሚሉትን ቢጫ ረዣዥም አበባ። የጽጌረዳ ውኃ ጠብ ጠብ አደረጉበት። ደረቁ ዱቄት ቀስ በቀስ ጥቁር ቡናማ ሊጥ ሆነ። ከሙቀጫው ቆንጠር አድርገው ክንዴን ይዘው ከክርን እስከ አንጓ አሹኝ። ሻካራ ነው። መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ቆይቶ ይሞቃል። ሲታጠብ ቆዳዬ እንደ ሕፃን ሆነ፣ ሽታው ግን ቀረ።

ሙሽራዋ ይህን ለቀናት ትታሻለች። ልብሷና ፀጉሯ ኡዲ በሚሉት ዕጣን ጭስ ይታጠናል። ምሽት ላይ ጃዝሚን አልጋው ላይ ይበተናል።

«ኩንጉማንጋስ?» አልኳቸው።

ሳቁ። ከመሶብ መሰል ዕቃ አንድ የደረቀ አውጥተው መፋቂያው ላይ ሦስት ጊዜ ብቻ አሸት አሸት አደረጉ። የወጣውን በትንሿ ጣታቸው ጥፍር ላይ አነሡና አሳዩኝ። «ኪዶጎ» አሉ። ትንሽ ማለት ነው። ጣታቸውን አነሡና ደገሙት፣ «ኪዶጎ፣ ኪዶጎ።» ከዚህ ከበዛ ሆድ ይገለበጣል፣ ልብ ይመታል፣ ሰው ይቃዣል አሉኝ።

እኔ ይህን ከመጽሐፍ ነው የማውቀው። ገውዝ ውስጥ ሚሪስቲሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ከ5 ግራም በላይ የወሰደ ሰው ሊያስመልሰው፣ ልቡ ሊመታ፣ ለሰዓታት ሊቃዥ ይችላል። እርጉዝ ሴትም ከምግብ ማጣፈጫ በላይ ባትወስደው ይሻላል። ቢቢ ሚሪስቲሲን የሚባል ቃል ሰምተው አያውቁም። መጠኑን ግን ጥፍራቸው ላይ ይዘውታል።

ወንዱ ምን እንደሚሰጠው ጠየቅኳቸው። ገበያ ያየሁትን ዱቄት ሁሉ ዘረዘርኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እሱስ አፍንጫ የለውም?» አሉ።

ከዚያ ረዘም አድርገው ያወሩት የልጁ እህት ስትተረጉመው እንዲህ ነበር። ሴት ልጅ ለሌላ ሰው ብቻ አትታሽም። መጀመሪያ ሽታው የሚያገኘው እሷን ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ሌሎች ሴቶች ገላዋን ሲያሹላት፣ ሲዘፍኑላት፣ ፀጉሯን ሲያጥኑላት፣ ገላዋ የእሷ መሆኑን ታውቃለች። የፈራ ገላ ምንም ቅመም ቢሰጡት አይቀበልም።

ያቺን መድኃኒት ቤት የመጣች ሴት አሰብኳት። ለቢቢ ነገርኳቸው፤ ምን ብዬ እንደመለስኩላትም ጭምር። አልገሠጹኝም። ክንዴን እንደያዙ ቆዩ።

ቀን 5፦ ዝናብ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ያሰብነው ጉዞ ቀረ። ከሰዓት የሄል ሽታ ያለው ሐሉዋ በልተን ቡና ጠጣን፤ ያልበላሁት ዓይነት ጣፋጭ፣ የሚጎተት፣ ጣት ላይ የሚቀር።

ማስታወሻዬን ሳስተካክል ነበር። ገውዝና ቅርንፉድን ሳይንቲስቶችም ሞክረዋቸዋል። ህንድ ውስጥ የአሊጋር ሙስሊም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሁለቱን ጭማቂ ለወንድ አይጦች ሰጥተው የግንኙነት ፍላጎታቸው እንደጨመረ ጽፈዋል። የሞከሩት ወንድ አይጥ ላይ ነው። ዛንዚባር ላይ ግን ገውዙን የምትበላው ሴቷ ናት! ስለ እሷ የጠየቀ ጥናት አላጋጠመኝም።

ቅርንፉድ ውስጥ ያለው ኢዩጀኖል ደግሞ ያደነዝዛል፤ የጥርስ ሕመም የሚያስታግሰውም ለዚህ ነው። ዘይቱን ሳያቀጥን ስስ ቆዳ ላይ የሚቀባ ሰው ይቃጠላል፤ እባካችሁ አታድርጉት። ማኘክ ግን ምንም አይልም። በጥንቷ ቻይና በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን ንጉሡ ፊት የሚቀርብ ባለሥልጣን ትንፋሹ መልካም እንዲሸት ቅርንፉድ አፉ ውስጥ ይይዝ ነበር። ለንጉሥ የሆነ ትንፋሽ ለትዳር ጓደኛ አይበዛም።

የቢቢ የአፍንጫ ነገርም ከአእምሮዬ አልወጣም። ሽታ ከአፍንጫ ተነሥቶ ስሜትና ትዝታ ወደሚያዙት የአንጎል ክፍሎች የሚደርስበት መንገድ ከሌሎቹ ስሜት ሕዋሳት ሁሉ አጭር ነው። ለዚህ ነው አንድ ሽታ ሃያ ዓመት የሚመልሰን። ማታ ባለቤቴ ክንዴን አሸተተና «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። ከመጣን ጀምሮ የቢቢን ነገር በወጉ አላወራነውም ነበር። ስልኮቻችን ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። እስከ እኩለ ሌሊት አወራን። ሌላው የእኛ ነው።

ቀን 6፦ ፔምባ

በትንሽ አውሮፕላን ግማሽ ሰዓት ገደማ በረርንና ቻኬ ቻኬ አረፍን። የቅርንፉዱ እውነተኛ አገር ፔምባ ናት። ድሮ ዋናው ስቶን ታውን ያለችበት ደሴት ኡንጉጃ ነበር፤ በ1872 እ.ኤ.አ. የተነሣው ከባድ አውሎ ነፋስ የኡንጉጃን ዛፎች አብዛኞቹን ነቀላቸው፣ ፔምባ ተረፈች።

መስከረም የለቀማ ወቅት ነው። ወንዶች ዛፉ ጫፍ ወጥተው ቅርንጫፉን በገመድ እየሳቡ እንቡጡን ይለቅማሉ። አበባው ሳይፈነዳ፣ ሮዝ መሆን ሲጀምር ነው የሚለቀመው። ከፈነዳ ዋጋ የለውም። መንገድ ዳር ረጃጅም ምንጣፎች ተዘርግተዋል። አረንጓዴው፣ ቀዩና ቡናማው እንደየቀኑ ተሰልፏል። ፀሐይ ካለ አራት አምስት ቀን ይበቃዋል። 3 ኪሎ እርጥብ ደርቆ 1 ኪሎ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሽታ የተተከለው በባሪያ ጉልበት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የቅርንፉድ እርሻዎች ከዋናው ምድር ተይዘው በመጡ ሰዎች ነበር የሚሠሩት። የስቶን ታውኑ የባሪያ ገበያ የተዘጋው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። ኡንያጎንም ወደ ደሴቲቱ ያመጡት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ሁሉ ነገራቸው ሲወሰድባቸው ስለ ገላቸው የሚያውቁትን ይዘው መጡ። ይህን ሳስብ ምንጣፉ ዳር ቁጭ አልኩ።

አጠገቤ ሴቶች እንቡጡን ከግንዱ ይለያሉ። ዘለላውን መዳፋቸው ላይ አድርገው ይጠመዝዙታል፣ እንቡጡ ወደ አንድ በኩል፣ ግንዱ ወደ ሌላ። አንዷ ቦታ ለቀቀችልኝና አብሬ ለየሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣቶቼ ጫፋቸው ደነዘዘ። ኢዩጀኖል ነው።

ማታ ደብተሬ ላይ ያቺ ሴት ተመልሳ ብትመጣ የምጠይቃትን ጻፍኩ። መጀመሪያ ወንበር ስጫት። ከመቼ ጀምሮ ነው? የግፊት፣ የድባቴ ወይም የወሊድ መከላከያ መድኃኒት ትወስጃለሽ? ፍላጎት የሚቀንሱ አሉባቸው። ያምሻል ወይ? ከወለድሽ ስንት ወር ሆነሽ፣ ጡት ታጠቢያለሽ? እንቅልፍሽስ? ስኳር ተመርምረሻል? እሱ ያውቃል? ስትነግሪው ይሰማሻል?

ከሥር ደግሞ ኪዶጎ ብዬ ጻፍኩና ትንሿ ጣቴን ወረቀቱ ላይ አስቀምጬ ጥፍሬን በእስክሪብቶ ዞርኩት፤ መጠኑ እንዳይጠፋብኝ።